ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ ጥፋቱ የማን ነው? ስለ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች የተነሳ ክር

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጥያቄዬ አጭር ነው። ሰውነት የራሱን አካል ማጥቃት ሲጀምር ችግሩ አጥቂዎቹ ሴሎች ስለበረቱ ነው ወይስ እነሱን የሚያስታግሱት ስለደከሙ?

ለምን እንደምጠይቅ ልንገራችሁ። ሩማቶይድ አርትራይተስ አለብኝ። የጣቶቼን መገጣጠሚያ የሚያሳብጠው ከውጭ የገባ ጀርም አይደለም፤ የራሴ መከላከያ ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ግን የሚለግሰኝ ምክር አንድ ነው፦ ኢሚዩኒቲን ማጠንከር። ምክሩ ከፍቅር እንደሚመጣ አውቃለሁ። አቅጣጫው ግን ልክ አይመስለኝም። የእኔ መከላከያ ማበርታቻ አላነሰውም። ያነሰው የሚያቆመው ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሜሪ ብራንካው፣ ለፍሬድ ራምስዴል እና ለሺሞን ሳካጉቺ ሲሰጥ ልቤ የተነሳሳው ለዚህ ነው። የተሸለሙት መከላከያችን የራሳችንን አካል እንዳይጎዳ የሚጠብቁትን ሴሎች በማግኘታቸው ነው። ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ይባላሉ፤ ባለሙያዎቹ በአጭሩ ቲሬግ ይሏቸዋል። እና ጥያቄዬን ላስፋው። የእኛ ዓይነት በሽታ የቲሬግ እጥረት ነው ማለት ይቻላል? ከሆነ ለምን አይሰጡንም?

ክሩ ስለረዘመ ከታች የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ መልስ

የመጀመሪያዋ መላሽ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠራ ናት። ለጥያቄው አመስግና መሠረቱን አስያዘች። የመከላከያችን ወታደር የሆኑት ነጭ የደም ሴሎች፣ ቲ ሴሎች፣ የሚሠለጥኑት ከደረት አጥንት ጀርባ ባለ ታይመስ በሚባል ትንሽ አካል ውስጥ ነው። እዚያ የሰውነቱን ፕሮቲን አጥብቆ የሚይዝ ሴል እንዲሞት ይደረጋል። ኤር የሚባል ጂን የሌሎች አካላትን ፕሮቲኖች፣ ለምሳሌ ኢንሱሊንን፣ ታይመስ ውስጥ እንዲታዩ ያደርጋል። ሴሎቹ የሚፈተኑት በእነዚህ ነው። ይህ ጂን የተበላሸበት ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ እጢዎቹ ይጠቃሉ።

ዋናው ነጥቧ ቀጥሎ መጣ። ፈተናው ሁሉንም አይዝም። ፍጹም ጤነኛ በሆነ ሰው ደም ውስጥም ራስን ማጥቃት የሚችሉ ቲ ሴሎች ይዞራሉ። ሁላችንም አሉን። ታማሚውን ከጤነኛው የሚለየው የእነሱ መኖር ብቻ አይደለም ማለት ነው። ይህን ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። ለዓመታት ሰውነቴ ውስጥ ሌላ ሰው የሌለው መጥፎ ነገር የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር።

2ኛ መልስ

ሁለተኛው ቲሬጎችን ከገላጋይ ጋር አመሳሰላቸው። ጠብ ሲነሳ መሃል ገብተው ሁለቱንም ወገን ያበርዳሉ። የሚያበርዱበትን መንገድም ዘረዘረ። አጥቂ ቲ ሴሎች ለመባዛት ኢንተርሉኪን 2 የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። ቲሬጎች ሲዲ 25 የተባለውን መያዣ ገጽታቸው ላይ በብዛት ስለሚሸከሙ ያንን ፕሮቲን ቀድመው ይወስዱታል። ሲቲኤልኤ 4 በሚባል ሌላ ፕሮቲን ደግሞ አጥቂዎቹን የሚያነሳሳውን ምልክት ከሌሎች ሴሎች ገጽ ላይ ነቅለው ይወስዳሉ። ከዚህ ሌላ ኢንተርሉኪን 10ን የመሰሉ አብራጅ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። ጽሑፉ ግልጽ ነበር፤ ብዙ ሰውም ወዶታል።

3ኛ መልስ

መከላከያ ብዙ አካልን የሚያጠቃበት የሉፐስ በሽታ ያለባት ሴት ናት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። በደም ምርመራ ቲሬጋችን ስንት እንደሆነ ማወቅ እንችላለን ወይ?

4ኛ መልስ

1ኛዋ ተመልሳ መለሰችላት። እዚህ ላይ ዘለግ ላድርገው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

በደም ውስጥ ቲሬጎች ሲዲ 4 የተባለ መለያ ካላቸው ቲ ሴሎች መካከል ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል ናቸው። መቁጠሩ በምርምር ቤተ ሙከራ ይቻላል። ቁጥሩ ግን ብዙ አይነግርም። መከላከያ ቆሽትን የሚያጠቃበት ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ብዛታቸው ብዙ ጊዜ ከጤነኛ ሰው አይለይም። መለያቸው የሆነው ፎክስፒ 3 የተባለ ፕሮቲን ራሱ በሰው ላይ ያምታታል። ተራ ቲ ሴልም ሲነሳሳ ለጊዜው ያሳየዋል። ስለዚህ ባለሙያዎች ሲዲ 25 በዝቶ ሲዲ 127 የተባለ ሌላ መለያ ያነሰባቸውን ሴሎች ይፈልጋሉ። ያም ቢሆን ፍጹም አይደለም።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ የራሴን በሽታ የሚመለከተው ነው። የሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚ ያበጠ መገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲመረመር ቲሬጎች ከደም ይልቅ እዚያ በዝተው ይገኛሉ። ብግነቱ ባለበት ቦታ ማለት ነው። ደርሰዋል፣ በዝተዋል፣ እብጠቱ ግን አልቆመም። እንግዲህ ነገሩ የቁጥር ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን ባልቻለ ነበር።

3ኛዋ አመሰገነች። ምርመራ ልትጠይቅ ያሰበችውንም ተወችው።

5ኛ መልስ

የታሪኩን ነገር ያነሱት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በጣም በሚያምር አጻጻፍ፣ ረጅም ጊዜ ወስደው ጻፉ።

እ.ኤ.አ. በ1969 ኒሺዙካ እና ሳካኩራ የተባሉ ጃፓናውያን አይጦች በተወለዱ በ3ኛው ቀን ታይመሳቸውን አወጡ። ታይመስ የቲ ሴል ማሠልጠኛ ከሆነ መከላከያው ይደክማል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። የሆነው ተቃራኒው ነው። የሴት አይጦቹ እንቁላል ማፍሪያ በራሳቸው መከላከያ ተበላሸ። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነበር።

በ1970ዎቹ አፋኝ ቲ ሴል የሚባል ሐሳብ ገነነ። ብዙ ጥናትም ተጻፈበት። ከዚያ ፈረሰ። የአፋኝ ሴሎቹ መለያ ነው የተባለውን ጂን ይሸከማል የተባለውን ቦታ ሲያነቡት ጂኑ እዚያ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ስለ አፋኝ ሴል የሚያወራ ተመራማሪ የሚሰማው አጣ። ሳካጉቺ ግን አልተወውም። ታይመሳቸው ለወጣ አይጦች ከጤነኛ አይጥ የተወሰደ ቲ ሴል ሲሰጣቸው ከበሽታው እንደሚድኑ አይቷል። የሚያድነው የትኛው ሴል ነው ብሎ ሲፈልግ ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደበት። በ1995 ሲዲ 4 እና ሲዲ 25 ያላቸው መሆናቸውን አሳተመ። እነዚህን ሴሎች አውጥቶ የቀሩትን ብቻ ቲ ሴል ለሌላቸው አይጦች ሲሰጥ፣ ታይሮይዳቸውን፣ ጨጓራቸውንና ሌሎች አካሎቻቸውን የሚያጠቃ በሽታ ተነሳባቸው።

መምህሩ ያሉትን አንድ ነገር እኔም እደግመዋለሁ። ሐሳቡ ሲወድቅ የወደቀው ማስረጃው ነበር፤ የ1969ኙ ምልከታ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ የሚያብራራው ሰው ይጠብቅ ነበር። ሰው ሁሉ ጥሎት በሄደ ጥያቄ ላይ መቆየት ቀላል ነገር አይደለም።

6ኛ መልስ

ስለ ሌሎቹ ሁለት ተሸላሚዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካ ኦክ ሪጅ ባለ ቤተ ሙከራ ቆዳቸው የሚቀረፍ፣ ስፕሊናቸውና ንፍፊታቸው ያበጠ ወንድ አይጦች ተወለዱ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ። ስከርፊ ተባሉ። ጉድለቱ ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ እናቶቹ ይሸከሙታል እንጂ አይታመሙም።

በ1990ዎቹ ብራንካው እና ራምስዴል ዋሽንግተን ግዛት ባለ አንድ የመድኃኒት ምርምር ኩባንያ ሲሠሩ ጂኑን ለማግኘት ተነሱ። የአይጥ ኤክስ ክሮሞሶም 170 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደላት አሉት። እነሱ ወደ 500,000 አጠበቡት። እዚያ ውስጥ 20 ተጠርጣሪ ጂኖች ነበሩ። አንድ በአንድ መረመሯቸው። ጥፋተኛው የተገኘው 20ኛው ላይ ነው፤ የመጨረሻው። ፎክስፒ 3 ብለው ሰየሙት። በ2001 ሲያሳትሙ በሰው ልጅ ላይም አይፔክስ የሚባለው ከባድ የሕፃናት በሽታ ከዚሁ ጂን ጉድለት እንደሚመጣ ተረጋገጠ። በ2003 ደግሞ ሳካጉቺና ሌሎች ቲሬጎችን ቲሬግ የሚያደርጋቸው ይኸው ጂን መሆኑን አሳዩ። ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት ያኔ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ሰው ከርዕሱ ወጣ ብሎ ስለ ራምስዴል አወራ። ሽልማቱ ሲነገር ስልኩን ዘግቶ ተራራ ላይ በእግር እየተጓዘ ስለነበር ለሰዓታት አላወቀም። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ቁጥር ግን አልሰጠሁትም።

7ኛ መልስ

የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት። አይፔክስ ያለበትን አንድ ጨቅላ ተንከባክባ ታውቃለች። የማያቆም ተቅማጥ፣ መላ ሰውነቱን የሸፈነ ሽፍታ፣ ገና በጥቂት ሳምንት ዕድሜው የስኳር በሽታ። እናቱ ምን እንደበላ፣ ምን እንደነካው ትጠይቃለች፤ ራሷን ትወቅሳለች። ልጁ ያጣው ግን የሚሠራ ቲሬግ ነው። መድኃኒት ጊዜ ይገዛል፤ ዘላቂው ሕክምና የሌላ ሰው የመቅኒ ንቅለ ተከላ ነው። ከአዲሱ መቅኒ ጤነኛ ቲሬጎች ይወለዳሉ።

ነርሷ ልጁ በመጨረሻ ምን እንደሆነ አልጻፈችም። ማንም አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኩም።

ለጥያቄዬ ግማሽ መልስ ያገኘሁት ከዚህች ሴት ነው። ቲሬግ ጭራሽ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አይፔክስ በግልጽ ያሳያል። ግን በጣም ብርቅ በሽታ ነው። የእኛን በሽታ በዚያ ልክ መለካት አይቻልም።

8ኛ መልስ

እዚህ ላይ ክሩ ተቀየረ። አንድ ሰው መጥቶ ይህ ሁሉ ሳይንስ ለምን ያስፈልጋል አለ። ቲሬግን በ3 ወር ውስጥ የሚያበዛ፣ ኢሚዩኒቲን የሚያጠነክር ዱቄት አለኝ፤ ከሱ ጋር ቫይታሚን ዲ በከፍተኛ መጠን የወሰደ መድኃኒቱን መጣል ይችላል ብሎ ጻፈ። አድራሻም አስቀምጦ ነበር፤ አስተዳዳሪዋ ወዲያው አነሳችው።

9ኛ መልስ

አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው። ትሕትናቸውን ይዘው ጀመሩ፤ ሲጨርሱ ግን ቆጣ ብለዋል። በመጀመሪያ ሰውየው የተናገረው ራሱን እንደሚቃረን አሳዩ። ቲሬግ መከላከያን የሚያበርድ ሴል ነው። ቲሬግን ማብዛትና መከላከያን ማጠንከር አንድ ላይ የሚሸጥ ነገር አይደለም።

ስለ ቫይታሚን ዲ ያለውን እውነት ግን አልካዱም። ቫይታል የተባለ ትልቅ ጥናት ነበር። 25,871 ሰዎች ተሳትፈውበታል። በ2022 በወጣው ውጤት በቀን 2,000 ዩኒት ለ5 ዓመት ያህል የወሰዱት ሰዎች፣ መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በኦቶኢሚዩን በሽታ፣ ማለትም ሰውነት ራሱን በሚያጠቃበት በሽታ፣ የመያዛቸው ነገር በ22 በመቶ ያነሰ ነበር። ሐኪሙ ሁለት ነገር አሰመሩበት። ተሳታፊዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው። ጥናቱም ስለ መከላከል እንጂ የታመመን ስለ ማዳን አይደለም። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ዲ ደግሞ በደም ውስጥ ካልሲየምን ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ይጎዳል።

10ኛ መልስ

8ኛው ተናዶ ተመለሰ። ሐኪሞች ሰው እንዲድን አይፈልጉም፣ ከመድኃኒት ኩባንያ ጋር ናቸው አለ። ስድብም ነበረበት፤ እሱን አልደግመውም።

11ኛ መልስ

3ኛዋ፣ የሉፐሷ፣ ለሱ ነው የጻፈችው። ወንድሜ ብላ ነው የጀመረችው። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ለስላሳ ቃል የለበትም። እሷም በእንደዚህ ዓይነት ተስፋ የሉፐስ መድኃኒቷን፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪንን፣ ያቆመችበት ጊዜ ነበር። መጀመሪያ ምንም አልተሰማትም፤ እንዲያውም ቀለል አላት። ቆይቶ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ። ሉፐሱ ኩላሊቷ ላይ ወጥቶ ነበር። ዛሬ ከበፊቱ የከበደ መድኃኒት ትወስዳለች። ዱቄቱን የሸጠላት ሰው ስልኩን አያነሳም።

አስተዳዳሪዋ 8ኛውን ከክሩ አስወጣችው። ልክ አድርጋለች። ሐሳብ ይለያይ፤ የታመመ ሰው መድኃኒቱን እንዲጥል መምከር ግን ሐሳብ አይደለም።

12ኛ መልስ

ወደ ቁም ነገሩ የመለሰን አንድ የፋርማሲ ተማሪ ነው። 2ኛውን መልስ ጠቅሶ ብልህ ጥያቄ ጠየቀ። ቲሬጎች ኢንተርሉኪን 2ን ይህን ያህል የሚወዱ ከሆነ ለምን በመርፌ አይሰጥም?

13ኛ መልስ

ይሰጣል አለች 1ኛዋ። ፕሮቲኑ መድኃኒት ከሆነ ቆይቷል። በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ አጥቂ ሴሎችን ያነሳሳል። እ.ኤ.አ. በ1992 ለተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር የተፈቀደው በዚህ ሥራው ነው። በጣም በትንሽ መጠን ሲሰጥ ግን ሲዲ 25 የበዛላቸው ቲሬጎች ቀድመው ይይዙታል፤ ለአጥቂዎቹ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

በ2011 ሁለት ትንንሽ ጥናቶች ወጡ። አንደኛው ከመቅኒ ንቅለ ተከላ በኋላ የለጋሹ ሴሎች የተቀባዩን አካል በሚያጠቁበት በሽታ ላይ ነው። ከተመዘኑት 23 ታማሚዎች 12ቱ በግልጽ ተሻላቸው። ሁለተኛው በሄፓታይተስ ሲ ምክንያት በሚመጣ የደም ሥር ብግነት ላይ ነው፤ ከ10 ታማሚዎች 8ቱ ተሻላቸው። ከዚያ ወዲህ በሉፐስና በዓይነት 1 የስኳር በሽታ ላይ ተሞክሯል። ቲሬጎቹ ይበዛሉ፤ ይህ በየጥናቱ ታይቷል። በሽታው በዚያው ልክ ይሻላል ወይ የሚለው ግን እስካሁን ወጥ መልስ አላገኘም።

ያችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። ከ4ኛው መልስ ጋር ትገጥማለች።

14ኛ መልስ

ስለ ሴል ሕክምና የጻፈ ወጣት ነው፤ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ አለበት። ከታማሚው ደም ቲሬጎችን ለይቶ፣ በቤተ ሙከራ አባዝቶ መልሶ መስጠት ይቻላል። በ2015 በወጣ ጥናት 14 አዋቂ የስኳር ታማሚዎች እንዲህ ተደርጎላቸዋል። ከባድ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ከተሰጡት ሴሎች የተወሰኑት ከአንድ ዓመት በኋላም በደማቸው ውስጥ ተገኝተዋል። ልጆችና ታዳጊዎች ላይ የተደረገው ተከታይ ጥናት ግን ቆሽት ኢንሱሊን የማመንጨት አቅሙን እያጣ መሄዱን አላስቆመም። አሁን ብዙ ተመራማሪዎች የሚሞክሩት ሴሎቹ በቀጥታ ወደ ተጎዳው አካል እንዲሄዱ ጂናቸውን ማስተካከል ነው።

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። ቀኑን እየቆጠርኩ ነው ብሎ ነው የጨረሰው።

15ኛ መልስ

9ኛው ሐኪም በዚህ ጊዜ አንድ አሮጌና አሳዛኝ ታሪክ ይዘው መጡ። እ.ኤ.አ. ማርች 2006 ለንደን ውስጥ 6 ጤነኛ ወጣቶች ቲጂኤን 1412 የተባለ አዲስ መድኃኒት ተሰጣቸው። በእንስሳት ሙከራ መድኃኒቱ በዋናነት ቲሬጎችን እንደሚያበዛ ታይቶ ነበር። ለኦቶኢሚዩን በሽታ ይጠቅማል የተባለውም ለዚያ ነው። መጠኑ በእንስሳት ላይ ደህና ከተባለው 500 ጊዜ ያነሰ ነበር። ሆኖም በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ስድስቱም መታመም ጀመሩ። የሰው አጥቂ ሴሎች በአንድ ጊዜ ተነሱ። አካሎቻቸው ተራ በተራ ደከሙ፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ሁሉም በሕይወት ተርፈዋል። ከመካከላቸው ጣቶቹን ያጣ አለ።

አይጥ ላይ ገላጋዩን የቀሰቀሰው መድኃኒት ሰው ላይ ጠበኛውን ቀሰቀሰ ማለት ነው።

16ኛ መልስ

14ኛው ወጣት በዚህ ተቆጣ። ሐኪሙ ሰውን እያስፈራሩ ነው፣ ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ታሪክ አንስቶ የዛሬን ተስፋ ማጨለም ምን ይጠቅማል አለ። ሕመሙ ይገባኛል። በየቀኑ በመርፌ የሚኖር ሰው ስለ አደጋ መስማት ይሰለቸዋል።

17ኛ መልስ

ሐኪሙ አልተቀየሙም። ልጄ ብለው ነው የመለሱለት። ከዚያ አደጋ በኋላ ሕጉ መጥበቁን ገለጹለት። ያኔ መድኃኒቱ ለስድስቱ የተሰጠው በደቂቃዎች ልዩነት ብቻ ነበር። ዛሬ አዲስ መድኃኒት ለመጀመሪያ ሰው ከተሰጠ በኋላ ምን እንደሚሆን ሳይታይ ለቀጣዩ አይሰጥም። የመነሻ መጠኑም የሚሰላው በሌላ መንገድ ነው። ታሪኩን ያነሱት 14ኛው የሚጠብቃቸው ሙከራዎች ለምን ቀስ እንደሚሉ እንዲገባው ነው። ወጣቱ አመሰገናቸው። አጭር ነበር፤ ግን አመሰገናቸው።

18ኛ መልስ

አባቷ ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር የነበረባቸው ሴት ናት። ነገሩን ከሌላው ወገን አሳየችን። ካንሰር ቲሬጎችን ወደ ራሱ ይሰበስባል፤ እነሱም አጥቂ ሴሎችን እዚያው ያበርዱለታል። አባቷ የታከሙት በ2011 በተፈቀደው ኢፒሊሙማብ ነው። ይህ መድኃኒት 2ኛው መልስ ላይ የተጠቀሰውን ሲቲኤልኤ 4 ይዘጋል። ዕጢው ቀነሰ። ከሳምንታት በኋላ ግን አንጀታቸው ተቆጣ፤ ቀጥሎ ታይሮይዳቸው ሥራ አቆመ። ካንሰሩን እንዲያጠቃ የተለቀቀው መከላከያ ጤነኛውንም አካል ነካ። አንጀቱ በስቴሮይድ ዳነ። የታይሮይድ ኪኒኑን ዛሬም ይወስዳሉ፤ እሳቸውም አሉ።

ይህ መልስ ለጥያቄዬ ከአይጥ ሙከራ ሁሉ የበለጠ ማስረጃ ሆኖ ታየኝ። አዋቂና በዚህ በኩል ጤነኛ የነበረ ሰው ነው። ማስታገሻው ሲነሳ አጥቂዎቹ ቀድሞውንም እዚያ ነበሩ።

19ኛ መልስ

አንዲት እናት ስለ እርግዝና ጠየቀች፤ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ይላል። የእሷ አርትራይተስ ባረገዘች ጊዜ ሁለቴም ጋብ ብሎላት ነበር። ከወለደች በኋላ ደግሞ ሁለቴም ተመልሷል። ለምን?

20ኛ መልስ

ነርሷ መለሰች። ነገሩ ከድሮ ጀምሮ ይታወቃል፤ ፊሊፕ ሄንች የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1938 ጽፎበታል። ፅንሱ ግማሹን ከአባቱ ስለወረሰ ለእናትየው መከላከያ በከፊል እንግዳ ነው። በእርግዝና ጊዜ ቲሬጎች የሚበረቱት ይህን እንግዳ ለመቀበል ነው። አርትራይተሱም ከዚያ የሚጠቀም ይመስላል። ሆርሞኖችም ድርሻ አላቸው። ሉፐስ ግን በእርግዝና ሊብስ ስለሚችል የአንዱን ለሌላው ማውረስ አይገባም ስትል አስጠነቀቀች። ከዚህ በኋላ ብዙ እናቶች ገብተው ስለ ጡት ማጥባትና ስለ መድኃኒት ተጨዋወቱ። ደስ የሚል ጨዋታ ነበር፤ የራሱ ክር ይገባዋል።

21ኛ መልስ

ለዋናው ጥያቄ በቀጥታ የመለሰችው 1ኛዋ ናት። በዓይነት 1 የስኳር በሽታም ሆነ መከላከያ ነርቭን በሚያጠቃበት በመልቲፕል ስክለሮሲስ የታማሚዎች አጥቂ ቲ ሴሎች ተወስደው ከጤነኛ ሰው ቲሬግ ጋር አንድ ሳህን ውስጥ ሲቀመጡ በደንብ አይታዘዙም። ቲሬጉ ምንም አልሆነም፤ አጥቂው ነው እምቢ ያለው። ብግነት ያለበት አካባቢ ራሱም ለዚህ እምቢታ ያግዛል። ለምሳሌ ኢንተርሉኪን 6 ሲበዛ አጥቂዎቹ ለቲሬግ መታዘዝ ያቆማሉ። ለአርትራይተስ የሚሰጠው ቶሲሊዙማብ የተባለ መድኃኒት የሚዘጋው የዚህኑ ኢንተርሉኪን 6 መያዣ ነው።

ስለዚህ በብዙዎቻችን ላይ ሁለቱም ወገን ጥፋት አለበት። በአንዳንዱ ገላጋዩ ደክሟል። በአንዳንዱ ገላጋዩ አለ፤ የሚሰማው የለም። በአንድ ሰው ላይ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ለሁሉም አንድ ዓይነት መርፌ የማይሠራውም ለዚህ ይመስለኛል። ለእኔ ክሩ ውስጥ ትልቁ መልስ ይህ ነው። የዱቄት ሻጩ ተስፋ ባዶ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ቲሬግ ቢበዛስ የማይታዘዝ ሴል ፊት ምን ያደርጋል?

22ኛ መልስ

14ኛው ወጣት እንግዲያው ዛሬ እጃችን ላይ ምን አለ ብሎ ጠየቀ። ታናሽ እህቱ ገና አልታመመችም፤ ስለ እሷ ይጨነቃል።

23ኛ መልስ

የመጨረሻውን የጻፉት ሐኪሙ ናቸው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2022 አሜሪካ ውስጥ ቴፕሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ተፈቅዷል። የተፈቀደው ዕድሜያቸው 8 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ የስኳር በሽታው ምልክት ገና ላልታየባቸው፣ ነገር ግን መከላከያቸው ቆሽትን ማጥቃት ለጀመረባቸውና የደም ስኳራቸው መዛባት ለጀመረ ሰዎች ነው። በደም ሥር ለ14 ቀናት ይሰጣል። 76 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ማስመሰያውን የወሰዱት ግማሾቹ በ24 ወር ገደማ ሲታመሙ፣ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ይኸው 48 ወር ገደማ ፈጅቷል። የሚይዘው ሲዲ 3 የተባለውን የቲ ሴል መያዣ ነው፤ ዋና ሥራው አጥቂዎቹን ማዳከም እንደሆነ ይታሰባል። በሽታውን አያስቀርም፤ ያዘገያል።

በእህትየው ላይ ማጥቃቱ መጀመሩን ለማወቅ የሚቆጠረው ቲሬግ አይደለም። የሚታየው በደሟ ውስጥ የቆሽት ፕሮቲኖችን የሚያነጣጥሩ ፀረ እንግዳ አካላት መኖራቸው ነው። ከአራቱ ከሚመረመሩት ሁለትና ከዚያ በላይ ከተገኙ ማጥቃቱ ተጀምሯል ማለት ነው፤ ስኳሯ ገና ልክ ቢሆንም። ሐኪሙ የአራቱን ስም ጽፈውለታል፦ ኢንሱሊን፣ ጋድ፣ አይኤ 2 እና ዚንክ ቲ 8። ወጣቱ ስሞቹን ገልብጦ ከእህቱ ሐኪም ጋር እንደሚነጋገር ጻፈ።